ለወንድም ጋሼ የሰፋሁት ሰማያዊ ሸሚዝ

(በደብረ ማርቆስ ከተማ ለልብስ ስፌት ሰልጣኞችና ለቤተሰቦቻቸው በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያደረግሁት ንግግር ነው። ከጥቂት የቃል እርማት በቀር እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።)

ጤና ይስጥልኝ! እንደምን ዋላችሁ? ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማችኋል? እናቶች፣ እባካችሁ ወደ ፊት ኑ፤ ወንበር አለ። ስለ ክር እየተወራ እናንተ በር ሥር ተቀምጣችሁ አይሆንም። ኑ፣ ኑ።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ በተለይ ደግሞ ዘንድሮ መርፌ የጨበጣችሁ ልጆች! ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አንድ ሸሚዝ ነው። በእጄ የሰፋሁት፣ በክር አስሬ ቀለም የነከርኩት፣ ለታላቅ ወንድሜ የሰጠሁት ሸሚዝ። አዘጋጆቹ «ስለ ሙያው ጠቅለል አድርገሽ ንገሪያቸው» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ሙያ የሚገባኝ አንድ ዕቃ ላይ አርፎ ሳየው ነው። ስለዚህ አንድ ሸሚዝ እንያዝና ከአንገትጌው እስከ ጠርዙ አብረን እንየው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ልብሱን የሚለብሰውን ሰው ማወቅ። ሁለተኛ፣ ማሰር። ሦስተኛ፣ መንከር። በመሐል ወሬ ሊወስደኝ ይችላል፤ ታገሱኝ።

ከሰውየው እንጀምር።

አባታችን ሲያርፍ ወንድም ጋሼ 14 ዓመቱ ነበር፤ እኔ 5። ቤታችን ከአማኑኤል ከተማ ወረድ ብሎ ነው። ደጋ ነው፤ እንግዶና ድንች፣ ስንዴና ጤፍ የምናይበት አገር። በዚያ ዓመት ወንድም ጋሼ ደብተሩን አስቀምጦ ሞፈር አነሳ። ከዚያ ወዲህ አላስቀመጠውም። እኔ እዚህ ማርቆስ ተከራይቼ ስማር የቤት ኪራዬ የሚከፈለው እሱ በአህያ ጭኖ ገበያ ባወረደው ድንች ነበር። ታዲያ ሥራ ይዤ ደመወዝ ስቀበል ምን ላድርግለት? ጫማ ገዛሁለት። ጃኬት ገዛሁለት። አንድ የፋሲካ ሰሞን ለአቅሜ ውድ የሆነ ሸሚዝ ገዛሁለት። ተቀበለኝ፣ መረቀኝ፣ «ምነው ባልተቸገርሽ» አለኝ። በጥቅምት ስመለስ ሸሚዙን የጎረቤት ልጅ ለብሶት አየሁ። ለሠርግ አውሶት ነበር፤ በዚያው ቀረ።

አልተቀየምኩትም። ቁጭ ብዬ ሳስበው ልክ ነው። ከሱቅ የወጣ ሸሚዝ ለማንም እንዲሆን ተደርጎ የተሰፋ ነው፤ ስለዚህ ለማንም ሆነ። እኔ የፈለግሁት ደግሞ ለእሱ ብቻ የሚሆን ልብስ ነበር። ሌላ ሰው ቢያጠልቀው እዚህ ጋ የሚጠብበት፣ እዚያ ጋ የሚሰፋበት፣ ያየ ሁሉ «ይህማ የእሱ ነው» የሚለው ልብስ።

እናቶች ይህን ታውቁታላችሁ። እናቴ ለወንድም ጋሼ ጋቢ ስታሠራ አስታውሳለሁ። ጥጡን ከገበያ ገዛች፤ ፍሬውን በመዳመጫ አወጣች፤ በደጋን ነደፈች፤ ባዘቶውን አጣጥፋ በሙዳይ አስቀመጠች። ከዚያ እንዝርት። ጎረቤት ቡና ስትጠጣ እንዝርት፣ እህል ስትጠብቅ እንዝርት፣ ማታ እሳት ዳር እንዝርት። ልቃቂቱ ተጠራቅሞ ሸማኔ እጅ እስኪገባ ድረስ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ተጋምሶ ነበር። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ አራት ድርብ ክር በአንዲት ሴት ጣት ተሾሮ ማለቁን አስቡት። ያንን ጋቢ ወንድም ጋሼ ለማን ያውሰዋል? ለማንም! ንጉሥ ወዳጁን የሐር ቀሚስ ሲሸልም፣ የእናት ሽልማት ደግሞ ፈትል ነበር። «ሸለመ» የሚለው ቃላችን እኮ ሰጠ ብቻ ማለት አይደለም፤ አስጌጠ፣ አሳመረ ማለት ነው።

እኔ እንዝርት አልያዝኩም፤ ሸማኔም አይደለሁም። መርፌ ግን አለኝ። እንግዲህ በመርፌዬ ልሞክር አልኩ።

ከልኬት ጀመርኩ። እንዳይነቃብኝ አሮጌ ሸሚዙን በድብቅ ወሰድኩና ወረቀት ላይ ዘርግቼ ወረቀቱን በልኩ ቀደድኩ። ለሙከራ ከአንድ ርካሽ ጨርቅ ሰፋሁና «እስኪ ለአንድ ሰው የምሰፋው ነው፣ በአንተ ቁመት ልየው» ብዬ አለበስኩት። አንገቱ ላይ ተጎተተ። ወደ አንድ ጎን ዘመመ። አስተካከልኩት፤ ተመልሶ ዘመመ። ስፌቴን ፈትሼ ስህተት አጣሁበት። ከዚያ ሜትሩን አወጣሁና ትከሻውን ለካሁ። ቀኙ ከግራው በሁለት ጣት ዝቅ ይላል።

ከ14 ዓመቱ ጀምሮ ሞፈርና ቀንበሩን ተሸክሞ እርሻ የሚወርድበት ትከሻ ነው። 30 ዓመት ያህል አብሬው ኖሬ አላየሁትም። በልቼበታለሁ፣ ተምሬበታለሁ፣ አላየሁትም። ሜትሩን ትከሻው ላይ እንደዘረጋሁ ቆሜ ቀረሁ። «ምነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት።

እስኪ ልጠይቃችሁ። የእናታችሁ የትኛው ትከሻ ነው ዝቅ ያለው? እንስራ የተሸከመ ጀርባ የት ጋ ነው የሚጎብጠው? የአባታችሁ ክንድ ከትከሻ እስከ አንጓ ስንት ነው? በሱቅ ልብስ ይህን ማወቅ አያስፈልገንም፤ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብለን እንወጣለን። በእጅ የምትሰፉለትን ሰው ግን ሳታዩት አትሰፉለትም። እኔ ከዚህ ሁሉ ሥራ ያገኘሁት ትልቁ ነገር ይኸው ነው፤ ወንድሜን አየሁት።

ለሰልጣኞች በአጭሩ ልንገራችሁ። ሁለቱን ትከሻ ለየብቻ ለኩ፤ ከአንገት ሥር እስከ ትከሻ አጥንት፣ ከዚያም ከትከሻ እስከ ወገብ። ጀርባን ስትለኩ ሰውየው እጁን ወደ ፊት ይዘርጋ፤ ገበሬ እርፍ ሲጨብጥ ጀርባው ይሰፋል። እጅጌን ክርን ታጥፎ ለኩ። እኔ ብብት ሥር አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ አስገባሁ፤ ከጀርባው መሐል ላይ ደግሞ ትንሽ እጥፋት ተውኩ። ክንድ ሲነሳ ሸሚዙ ከወገብ አይወጣም። ይህንን ያዙ።

ወደ ሁለተኛው እንለፍ፤ ማሰር።

እዚህ ጋ ወደ ልጅነቴ ልመልሳችሁ። እናቴ የታወቀች ሰፌድና መሶብ ሰፊ ናት። ስንደዶውን፣ አክርማውን እኛ ልጆች ከመስክ እንለቅማለን፤ አክርማው ቀለም ሲነከር አለላ ይሆናል፤ ይህን ለእናንተ አልነግርም። ታዲያ አክርማውን በእፍኝ በእፍኝ አድርጋ በልጥ ታስርና ቀለም የፈላበት ድስት ውስጥ ትከተዋለች። ሲወጣ እስሩን እየፈታሁ ፀሐይ ላይ የማሰጣው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን አጥብቄ ያሰርኩትን እፍኝ ስፈታ፣ ልጡ በነበረበት ቦታ ላይ በእያንዳንዷ አክርማ ዙሪያ ነጭ ቀለበት ቀርቷል። ላይዋ ቀይ፣ ታችዋ ቀይ፣ መሐሏ ነጭ። እኔ በደስታ ሮጬ አሳየኋት። እናቴ አዘነች። «ቀለም አልጠጣም፤ አጥብቀሽ አሰርሽው» አለችና ያንን እፍኝ ከመሶቡ ሥር፣ ከማይታየው ቦታ ሰፋችው።

ያቺ ነጭ ቀለበት ከልቤ አልወጣችም። ካደግሁ በኋላ ነው በዓለም ላይ ብዙ ሕዝብ ይህንኑ ሆን ብሎ እንደሚሠራው ያወቅሁት። በናይጄሪያ የዮሩባ ሴቶች «አዲሬ» ይሉታል፤ ማሰርና መንከር ማለት ነው። አቤኦኩታ የምትባለው ከተማ ስሟ የገነነበት ሙያ ነው። በመርፌ እየሰፉ የሚያስሩትን ለብቻው «አላቤሬ» ብለው ይጠሩታል፤ «አቤሬ» በቋንቋቸው መርፌ ነው። ከካሳቫ ገንፎ መሳይ ሙጫ አብስለው በላባ ጨርቁ ላይ የሚሥሉም አሉ። ጃፓኖች ደግሞ «ሺቦሪ» ይላሉ፤ መጭመቅ፣ መጠምዘዝ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ናጎያ ከተማ ውስጥ ያለችው የአሪማትሱ ሰፈር ከ400 ዓመት በላይ በዚህ ሙያ ኖራለች። የኢንዶኔዢያዋ ጃቫ በክር ፈንታ የቀለጠ ሰም ትጠቀማለች፤ «ባቲክ» የሚባለው እሱ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 ከማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል።

ሰም ስል አንዳንድ አባቶች ፈገግ አላችሁ። አዎ፣ የዋሸራ አገር፣ የቅኔ አገር ሰዎች ናችሁ! አንጥረኛው መጀመሪያ በሰም ቅርጹን ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። የቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» ስሙን ከዚህ ወሰደ። በጨርቅ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ፤ እኔን በጣም የሚገርመኝ ልዩነት። ሰሙ ሲነሣ ወይም ክሩ ሲፈታ ሌላ ነገር አይገባም። የሚገለጠው ከመጀመሪያም የነበረው ያው ነጭ ጨርቅ ነው። ሁሉም ነገር በዙሪያው ተለውጦ እሱ ሳይነካ የቆየው ነው ጌጥ የሚሆነው።

አሁን ወደ ሥራው። ጨርቄ አቡጀዴ ነበር። እዚህ ላይ የሠራሁትን ጥፋት ልንገራችሁ፤ እናንተ እንዳትደግሙት። አዲስ ጨርቅ ሙጫ አለው። ሲሸመን ድሩ እንዳይበጠስ የሚቀባው ሙጫ ነው፤ በጣታችሁ ስታሹት ጨርቁ ድርቅ ብሎ የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው። እኔ ቸኩዬ ሳላጥብ ሰፋሁ፣ ሳላጥብ ነከርኩ። ቀለሙ እዚህ ይገባል፣ እዚያ ይንሸራተታል፤ ጨርቁ ለምጽ የወጣበት መሰለ። ሲታጠብ ደግሞ አጠረ፤ እጅጌው ወንድም ጋሼ አንጓ ላይ ሳይደርስ ቀረ። የሁለት ሳምንት ማታ ማታ ስፌት በአንድ ጊዜ ጠፋ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለካ ለእኔ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማጠብ። በሙቅ ውሃና በሳሙና ቀቅሉት፤ እናቴ በእንዶድ አጥባልኛለች። አንዴ አይበቃም፣ ሁለቴ። የጠብታ ውሃ ስታሳርፉበት ሳይንከባለል ወዲያው የሚጠጣ ከሆነ ያን ጊዜ ጨርቁ ደርሷል።

ከዚያ ደረቱን፣ ጀርባውንና እጅጌውን ለየብቻ ቆረጥኩ፤ በየጠርዙ ሦስት ጣት ትርፍ ትቼ። ምን ላድርግበት? አበባ? ኮከብ? ወንድም ጋሼ አበባ ይለብሳል? የእሱ ዓይን አርባ ዘመን ምን ሲያይ ኖረ? ትልም ነው። ጠዋት ጀምሮ ማታ ሲጨርስ ወደ ኋላ ዞሮ የሚያየው ትልሙን ነው። በቀጭን ሳሙና ቁራጭ ደረቱ ላይ መስመር አሰመርኩ፤ በግራ 12፣ በቀኝ 12። በጀርባው ደግሞ እነሱን የሚያቋርጡ፤ ምክንያቱም መሬት መጀመሪያ በአንድ በኩል፣ ቀጥሎ በሌላ በኩል በመስቀለኛ ነው የሚታረሰው።

አሰፋፉ እንዲህ ነው፤ እዩኝ፣ እጄን እዩ። ጠንካራ የናይለን ክር ድርብ አድርጉ። ጫፉ ላይ ቋጠሮው ትልቅ ይሁን፤ ትንሽ ከሆነ ስትጎትቱ በጨርቁ ቀዳዳ ያልፋል። መርፌዋን እያጠለቃችሁ እያወጣችሁ በመስመሩ ላይ ሂዱ፤ አንዷ ስፌት የግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል። ስፌቱ እኩል ከሆነ ነጩ ነጠብጣብ እኩል ይሆናል። መስመሩ ሲያልቅ ክሩን ሳትቆርጡ ተዉት፤ ቀጣዩን በሌላ ክር ጀምሩ። ሁሉም መስመር ካለቀ በኋላ ነው መጎተት። ጨርቁን ውሃ አርከፍክፉበትና እያንዳንዱን ክር ሳቡ፤ ጨርቁ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ይሰበሰባል። አሁንም ሳቡ። ጣታችሁ እስኪያማችሁ ሳቡና ቋጥሩት። ቀለም ሰነፍ እስር ካገኘ ይገባል፤ ሳይለምን ይገባል! የሳብኩት ሁሉ ሲያልቅ ያ ሰፊ ደረት ጨርቅ መዳፌ ውስጥ የሚገባ አንድ ጉብታ ሆነ።

ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ ፈጀ? አምስት ሳምንት፣ ማታ ማታ። መብራት በሄደ ጊዜ በኩራዝ። በዚያ አምስት ሳምንት ከወንድም ጋሼ ጋር በስልክ የተነጋገርነው ሁለቴ ብቻ ነው፤ ግን ከእሱ ጋር ያን ያህል ውዬ አላውቅም።

ሦስተኛው፤ መንከር።

ለምን ሰማያዊ? ኢንዲጎን ስለወደድኩት ነው። ከቅጠል የሚወጣ ጥንታዊ ቀለም ነው። ዛሬ በገበያ ያለው አብዛኛው በፋብሪካ የሚሠራ ነው፤ ቢ.ኤ.ኤስ.ኤፍ. የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1897 ለገበያ አውጥቶታል። ልጆች፣ እናንተ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የለበሳችሁት ጅንስ ነው። ጠርዙን ገልብጡና እዩት፤ ውስጡ ነጣ ያለ አይደለም? ድሩ ኢንዲጎ የተነከረ፣ ማጉ ነጭ ስለሆነ ነው።

የኢንዲጎ ጠባይ ከሌላ ቀለም የተለየ ነው። የአለላ ቀለም ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ ታፈሉታላችሁ፣ ይገባል። ኢንዲጎ ግን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፤ እንደ አሸዋ ታች ይቀመጣል። እንዲሟሟ ኦክስጅኑን የሚቀማው ነገርና ኃይለኛ የኖራ ውሃ ያስፈልገዋል። ያን ጊዜ ሰማያዊነቱን ትቶ ወደ ቢጫ አረንጓዴ ይለወጣል፤ በዚህ መልኩ ክሩ ውስጥ ይገባል። ጨርቁ ከውሃው ወጥቶ አየር ሲነካው ኦክስጅኑን መልሶ ያገኛል፤ ሰማያዊ ይሆንና እዚያው ክሩ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

እኔ በ20 ሊትር ባልዲ 60 ግራም ኢንዲጎ፣ 120 ግራም ኖራ፣ 180 ግራም ስኳር ነው የተጠቀምኩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላችሁ ያዙት። ኦክስጅኑን የሚቀማው ስኳሩ ነው። ግን የሻይ ስኳር አይሆንም! የፍራፍሬ ወይም የማር ስኳር ነው የሚሠራው። ጎጃም ማር አለን፤ ማር ውሃ ስላለው ትንሽ አብዝቼ ጨመርኩ። ውድ ነው የሚል ካለ በጣም የበሰለ ሙዝ ቀቅሎ ውሃውን ማጥለል ይቻላል።

ስለ ኖራው ደግሞ ስሙኝ፣ ይህ ለአገራችን ሰው ነው። የመጀመሪያው ባልዲዬ ጨርሶ አልሠራም። አንድ ቀን ጠበቅሁ፣ ሁለት ቀን ጠበቅሁ፤ ውሃው ያው ሰማያዊ ድፍርስ ነው። ምን አድርጌ ነበር? ወንድም ጋሼ ለአሲዳማ መሬቱ ካመጣው ኖራ ጆንያ ነበር የቀዳሁት። ያ የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ለመሬት ጥሩ ነው፣ ለቀለም ግን ደካማ ነው። የሚያስፈልገው ተቃጥሎ ውሃ የጠጣው፣ ግድግዳ የሚቀባበት ኖራ ነው። ስሙ አንድ፣ ጠባዩ ሌላ። ይህኛው ቆዳ ይልጣል፣ ዓይን ያጠፋል። ጓንት አድርጉ። ልጆች አጠገቡ አይድረሱ። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ልጆች አጠገቡ አይድረሱ።

ባልዲው በሙቅ ውሃ ተሞልቶ፣ ቀስ ተብሎ ተማስሎ፣ ተከድኖ ሲያድር ላዩ ላይ የመዳብ ቀለም ያለው ስስ ቆዳ ይሠራል፤ መሐሉ ላይ ሰማያዊ አረፋ ይሰበሰባል። አረፋውን ገለጥ ስታደርጉ ሥሩ ያለው ውሃ እንደ ጠጅ ቢጫ ነው። ያኔ ደርሷል። ዝቃጩን ሳትነኩ የታሰረውን ጨርቅ እርጥብ አድርጋችሁ ዝቅ አድርጉት። እየረጨ እንዳይወድቅ፤ አየር ይዞ ይገባል። ጥቂት ደቂቃ ካቆያችሁት በኋላ እዚያው ውሃው ውስጥ ጨምቃችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡት።

እናቴ በዚያን ቀን ጋቢዋን ተከናንባ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጨርቁ ሲወጣ አረንጓዴ ነው፤ እንደ ገና ያልደረሰ ገብስ አረንጓዴ። «አረንጓዴ ነው እንዴ የነከርሽው?» አለችኝ። «ቆይ እማዬ» አልኳት። ከጠርዙ ጀመረ። ሰማያዊው ከጠርዙ እየገባ፣ አረንጓዴውን እየበላ፣ በዓይናችን እያየነው ወደ መሐል ሄደ። እናቴ «በስመ አብ!» ብላ አማተበች። ዘመኗን ሁሉ አለላ የነከረች ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ቀለም ግን አይታ አታውቅም።

አንዴ ተነክሮ አይበቃም። ማጥለቅ፣ ማውጣት፣ አየር ማስነካት፤ እንደገና ማጥለቅ። ብዙ ጊዜ ማቆየት ሳይሆን ብዙ ጊዜ መመላለስ ነው ቀለሙን የሚያጠቁረው። እኔ ስምንት ጊዜ መለስኩት። በመጨረሻ በውሃ አለቅልቄ፣ ጥቂት አቼቶ በጨመርኩበት ውሃ ኖራውን አበረድኩት።

ከዚያ መፍታት። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ጨርቁ ጠፈፍ እስኪል ተዉት፤ በእርጥቡ ክሩና ጨርቁ አይለይም፣ መቀሱ ይስታል። የመጀመሪያውን ቋጠሮ ቆርጬ ክሩን ስስበው ጨርቁ ትር፣ ትር፣ ትር እያለ ተዘረጋ። በእያንዳንዷ ስፌት ቦታ ነጭ ፍሬ አለች፤ በፍሬዎቹ ዙሪያ ቀለሙ የሸሸበት ጭጋግ መሳይ ጥላ። 24 ትልም፣ ዘር የተዘራበት። እናቴ ጨርቁን ከእጄ ወስዳ ወደ ብርሃን ያዘችው፤ ነጩን በጣቷ እየዳሰሰች ብዙ ቆየች። ከዚያ ምን አለችኝ? «ያኔ ከመሶቡ ሥር የሸሸግሁትን አንቺ ደረት ላይ አመጣሽው?»

ለካ አልረሳችውም። እኔ ብቻ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር።

ቀሪው ስፌት ነው፤ እሱን ክፍል ውስጥ ስለምትማሩት አላበዛባችሁም። የጎን ስፌቱን አንዴ ሰፍቼ፣ አንዱን ጠርዝ አሳጥሬ፣ ረጅሙን አጥፌበት ዳግመኛ ሰፋሁት፤ እንዲህ ሲሆን ከውስጥም ከውጭም የሚተረተር ጫፍ የለውም። የታችኛውን ጠርዝ በእጅ ዘመዘምኩ። ቀኙን ትከሻ በሁለት ጣት ዝቅ አደረግሁ።

አንድ ነገር ግን ነበር። በግራ ደረት ሦስተኛው ትልም ላይ ስስብ ክሩ ተበጥሶብኝ ኖሯል፤ ሳላውቅ ነው የነከርኩት። ከመስመሩ መሐል አንድ ጣት የሚያህል ቦታ ቀለም ገብቶበት ጠፍቷል። አለቀስኩበት። እንደገና ልጀምር ወይ ብዬ ሁለት ቀን አደርኩ። ከዚያ ልስጠው አልኩ።

በኅዳር ሄድኩ። እኛ አገር ወንዶች የሚለብሱትን አረንጓዴ ታውቁታላችሁ፤ ወንድም ጋሼም ከአረንጓዴ ቁምጣውና ካፖርቱ ሌላ አያውቅም። ፈታ አድርጎ አየው። «ይህ ደግሞ ምን ቀለም ነው?» አለ። ለበሰው። አንገቱ አልተጎተተም፤ ቁጭ አለ። እጁን ወደ ፊት ዘረጋ፣ መለሰ፣ ዘረጋ። ስለ ትልሙ አንድም ቃል አልነገርኩትም። ዝቅ ብሎ ደረቱን አየ፣ ጣቱን ከላይ ጀምሮ በመስመሮቹ ላይ አወረደ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ፣ ያቺ የተበጠሰችው ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ በሬው ስቷል» አለ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ምን ልበላችሁ! ሳልነግረው አነበበው።

ያን ሸሚዝ ለቤተ ክርስቲያን ያስቀምጠዋል ብዬ ነበር። ባለፈው ሰኔ ስሄድ እርሻ ላይ አገኘሁት፤ ለብሶት ያርሳል። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ አምስት ሳምንት ዓይኔ የፈሰሰበት ሥራ ጭቃ ነክቶት። ማታ አውልቆ «አዝራሩ ላልቷል፤ ጥበቂልኝ» ብሎ ሰጠኝ። ኩራዝ አጠገብ ዘረጋሁት። ኢንዲጎ ሲፈተግ ከላይ ከላይ ይለቃል፤ ጅንስ ጉልበቱ ላይ እንደሚነጣው ማለት ነው። ደረቱ ላይ ትልሞቹ እንዳሉ ናቸው። ቀኝ ትከሻው ላይ ግን፣ ሞፈርና ቀንበሩ የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ እኔ ያልሰፋሁት፣ ያላሰርኩት አንድ ሰፊ ነጭ መስመር ወጥቷል። አዝራሩን አጠበቅሁና አጥፌ ራስጌው አስቀመጥኩለት።

እንግዲህ ልጆች፣ በእነዚያ ጠረጴዛዎች ላይ የታጠበ አቡጀዴ፣ መርፌና የናይለን ክር አለ። ባልዲው ውጭ ከዋርካው ሥር ነው፤ ትናንት ማታ አዘጋጅቼዋለሁ፣ ደርሷል። ጓንት ያላደረገ አይቀርብም። ለማን እንደምትሠሩ መጀመሪያ አስቡና የዚያን ሰው ትከሻ በልባችሁ ይዛችሁ ኑ። እናቶች፣ እናንተም ኑ፤ ቋጠሮ አጥባቂ እጅ ያስፈልገኛል። አመሰግናለሁ።